ዋርድ ልትጀምሩ ነው? በጎጃም ሆስፒታሎች ለክሊኒካል ተማሪ የሚሆን መመሪያ

ፕሪክሊኒካሉ አልቋል። ሲ ዋን፣ ማለትም ዋርድ (ሕሙማን የሚተኙበት ክፍል) ገብታችሁ የምትማሩበት የመጀመሪያው ዓመት፣ ልትገቡ ነው። ጋውኑ ተተኩሶ ተሰቅሏል፤ ስቴቶስኮፑም ገና አዲስ ነው። ነገ ጠዋት ደብረ ማርቆስ፣ ወይም ባሕር ዳር ፈለገ ሕይወት ወይም ጥበበ ግዮን፣ ካልሆነም ፍኖተ ሰላም አንድ አልጋ አጠገብ ትቆማላችሁ።

እኔ በዚሁ አገር ተምሬ ነው ኢንተርንሺፕ የደረስኩት። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ወራት ግን አባክኛቸዋለሁ። ራውንድ ላይ፣ ሐኪሞቹ በየአልጋው እየዞሩ በሽተኛ ሲያዩ፣ ከሁሉም ኋላ ቆሜ ሲኒየሩ ያለውን ሁሉ እጽፍ ነበር። ደብተሬ ሞላ፤ አንድም በሽተኛ ግን በቅጡ አላውቅም ነበር። ትምህርቱ ያለው አልጋው ላይ የተኛው ሰው አፍ ውስጥ መሆኑ የገባኝ ዘግይቶ ነው። እናንተ እንዳትዘገዩ ብዬ ይህን ጻፍኩ።

1. ከመግባታችሁ በፊት

በመጀመሪያ የጉበት ቫይረስ ቢ ክትባት ጀምሩ። ሦስት ጊዜ ነው የሚሰጠው፤ ሁለተኛው ከ1 ወር በኋላ፣ ሦስተኛው ደግሞ ከመጀመሪያው 6 ወር ቆይቶ። ዋርድ ከገባችሁ በኋላ ልጀምር ካላችሁ ገና ሳትጨርሱት መርፌ ትይዛላችሁ።

ቦርሳችሁ ውስጥ ስቴቶስኮፕ፣ ትንሽ ባትሪ፣ ሜትር፣ ሰከንድ የሚቆጥር የእጅ ሰዓት፣ ሁለት ሦስት ጥንድ ጓንትና ኪስ የሚገባ ደብተር ይኑር። ጫማችሁ ድፍን ይሁን። ማዋለጃ ክፍል ደም አለ፣ የእንሽርት ውሃ አለ፤ ነጠላ ጫማ አያዋጣም። ደብረ ማርቆስ ለምትመደቡ ደግሞ ሹራብ እንዳትረሱ። ከተማው ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ነው። የሌሊት ዲዩቲ ብርዱ አጥንት ድረስ ይገባል።

2. የመጀመሪያው ጠዋት

ሞርኒንግ (የጠዋቱ የሐኪሞች ስብሰባ) ከመጀመሩ ግማሽ ሰዓት ቀደም ብላችሁ ግቡ። ነርሶቹን በስማቸው ተዋወቁ። የድንገተኛ መድኃኒት ትሪው የት እንዳለ፣ ኦክስጅኑ እንዴት እንደሚከፈት፣ ሴፍቲ ቦክሱ (ያገለገለ መርፌ የሚጣልበት ሣጥን) የት እንደሚቀመጥ አሳዩኝ በሉ። ዋርዱን ከማንም በላይ የሚያውቁት እነሱ ናቸው። ካኑላ (መድኃኒት በደም ሥር የሚሰጥበት ቀጭን ቱቦ) መትከል ያስተማረችኝ አንዲት ሲስተር ናት። ሦስት ጊዜ ስቼ እጄ ሲንቀጠቀጥ «ቁጭ በልና ክንዱን ከልብ ዝቅ አድርገው» አለችኝ። እስከዛሬ እንደዚያው ነው የማደርገው።

ከዚያ ሁለት አልጋ ብቻ ምረጡ። ሁለት ይበቃል። የሁለቱን በሽተኞች ሁሉን ነገር እወቁ።

3. ሰላምታው

ቻርት ከመክፈታችሁ በፊት ሰላም በሉ። «እንደምን አደሩ፣ እግዜር ይማርዎ።» ይህችን ካላችሁ በኋላ የሚከፈተው በር ብዙ ነው። በጎጃም ገጠር ለትልቅ ሰው «አንቱ» ይባላል። ለገበሬው «አያ»፣ ለእናቶች «እማማ» ብትሉ ያምራል። መነኩሲት ከሆኑ «እማሆይ»፣ የአብነት መምህር ከሆኑ «የኔታ» ማለት ይገባል። አሥር ቁጥር አልጋ፣ ጉበቱ፣ ኩላሊቷ እያላችሁ ሰው አትጥሩ። በሽተኛው ይሰማል።

ስማችሁን ንገሩ፤ ተማሪ መሆናችሁንም አብራችሁ ንገሩ። ጋውን የለበሰ ሁሉ ሐኪም ስለሚመስላቸው ለሁሉም እሺ ይላሉ። እሺታው ከፍርሃት የመጣ እንዳይሆን «ተማሪ ነኝ። ከደከመዎ ሌላ ጊዜ እመለሳለሁ» በሏቸው። ይህን ስል «አይ፣ ተማር ልጄ፣ አንተ ካልተማርህ ማን ያክመናል» ያሉኝ አባት አሉ። አንድ ሰዓት ሙሉ አዋሩኝ።

አስታማሚውንም አትርሱ። ሌሊት ስንት ጊዜ እንዳሳለ፣ ስንት ጉርሻ እንደቀመሰ የሚያውቀው እሱ ነው።

4. ቃላቸውን እንደወረደ ጻፉ

ይህ ክፍል ከሁሉም ይበልጥብኛል፤ ስለዚህ ረዘም አደርገዋለሁ።

አንድ ሆስፒታል ውስጥ፣ ሲ ዋን እያለሁ፣ ከጮቄ ተራራ ሥር የመጡ አንድ አባት ሂስትሪ (የሕመማቸውን ታሪክ) ወሰድኩ። «ልቤን ያመኛል» አሉኝ። እኔም የደረት ሕመም ብዬ ጻፍኩ። ስለ ልብ ሕመም ያነበብኩትን ሁሉ ደርድሬ ራውንድ ላይ አቀረብኩ። ሲኒየሬ አላቋረጠኝም። እንደጨረስኩ ወደ አባትየው ዞሮ «እስኪ በጣትዎ ያሳዩኝ» አላቸው። ጣታቸውን ከደረታቸው አጥንት በታች፣ ሆዳቸው ላይ አደረጉ። ሲርባቸው ይብሳል፤ ሲበሉ ቀለል ይላል። የጨጓራና የአንጀት ቁስለት ነበር። ገጠር ብዙ ሰው «ልቤን» የሚለው ይህን ቦታ ነው።

ስለዚህ መጀመሪያ ቃላቸውን በአማርኛ፣ እንዳሉት፣ ጻፉ። ቀጥሎ በጣት አስጠቁሙ። ወደ ሕክምና ቋንቋ መመለስ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ግን ጥንቃቄ አለው። በዕድሜ የገፋ፣ በተለይ ስኳር ያለበት ሰው የልብ ሕመሙ በእውነትም ሆዱ ላይ ሊሰማው ይችላል። ጣቱ ሆዱ ላይ ቢያርፍም ኢሲጂ (የልብ ኤሌክትሪክ ምርመራ) አስነሱ።

ሌሎችም አሉ። «ኩላሊቴን» ያለ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚያሳያችሁ ወገቡን ነው። ያረሰበት፣ የተሸከመበት ወገብ። «ውጋት» ሲሉ ሲተነፍሱ ይብስ እንደሆነ ጠይቁ፤ ሳንባ ምች ሊሆን ይችላል። «የወፍ በሽታ» ዓይን ቢጫ የሚያደርገው ነው። «አልማዝ ባለጭራ» በአንድ ጎን ብቻ መስመር ይዞ የሚወጣው የሚያቃጥል ሽፍታ ነው። «ሾተላይ» የምትል እናት ጽንስ ወይም ሕፃን ደጋግሞ ሞቶባታል ማለት ነው። የደም ዓይነቷን አስመርምሩ፤ ታሪኩንም ከመጀመሪያው እርግዝና ጀምራችሁ በርጋታ ጠይቁ። «ምች» ግን ብዙ ነገር ነው። አፍ ላይ የወጣ ቁስል ሊሆን ይችላል፤ ራስ ምታትና ትኩሳትም ሊሆን ይችላል። «ምች ሲሉ ምን ምን ሆኑ?» ብላችሁ ጠይቁ።

አንዱንም ቃል አትሳቁበት፤ «እሱ እንኳን የለም» ብላችሁም አታርሙ። አንዴ ከተሳቀበት በሽተኛው ሁለተኛ አይነግራችሁም። ጠበል ስለ መጠመቁ፣ እንጥል ስለ መቆረጡ፣ ቅጠል ስለ መጠጣቱ የምትሰሙት አፉን ሳትዘጉበት ስትቀሩ ብቻ ነው። የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒቱን ጠበል ሲሄድ አቋርጦት እንደሆነ ማወቅ አለባችሁ። እኔ የምጠይቀው «ጠበል በሄዱ ጊዜ ኪኒኑን ይዘውት ሄዱ?» ብዬ ነው። ይህ አጠያየቅ አይወቅስም። እውነቱን ይነግሩኛል።

መጠጥም ሲጠየቅ በአገሩ መስፈሪያ ነው። ጠላ በጣሳ፣ አረቄ በመለኪያ፣ ጠጅ በብርሌ። «አልኮል ይጠቀማሉ?» ስትሉ «ኧረ የለም» ያለው ሰው «ጠዋት ስንት መለኪያ ይይዛሉ?» ስትሉት ይቆጥርላችኋል።

5. መቼ ጀመረ?

መጽሐፉ «ከስንት ቀን በፊት?» በሉ ይላል። ጎጃም ላይ መልሱ «ከሚካኤል ማግስት» ሊሆን ይችላል። ደስ ይበላችሁ፤ ትክክለኛ ቀን ነው የተነገራችሁ። ደብተራችሁ የመጀመሪያ ገጽ ላይ ይህን ጻፉ፦ ልደታ 1፣ አቦ 5፣ ሥላሴ 7፣ ሚካኤል 12፣ ኪዳነ ምሕረት 16፣ ገብርኤል 19፣ ማርያም 21፣ ጊዮርጊስ 23፣ ተክለ ሃይማኖት 24፣ መድኃኔዓለም 27፣ በዓለ ወልድ 29። የራሳችሁ እምነት ሌላ ቢሆንም ይህን ማወቅ ሥራችሁ ነው።

ሰዓትም ያሳስታል። ቻርቱ በፈረንጅ ሰዓት ነው፤ በሽተኛው ግን በእኛ። «ከሌሊቱ 8 ሰዓት» ካለ ቻርቱ ላይ 2 ሰዓት ነው የሚጻፈው። የቀኑ 8 ከሆነ 14 ሰዓት። ስትሮክ ወይም የጭንቅላት ጉዳት ላይ የ6 ሰዓት ስህተት ቀላል አይደለም። ቀን ወይስ ሌሊት እንደሆነ ሳትጠይቁ አታልፉ።

ማዋለጃ ክፍል ስትገቡ ይኸው የቀን ቆጠራ ዋና ሥራችሁ ይሆናል። የመውለጃ ቀን ለማስላት ወደ ፈረንጅ አቆጣጠር መገልበጥ አያስፈልግም። በእኛ ወር ሁሉ 30 ቀን ስለሆነ ይቀላል። የመጨረሻው የወር አበባ የጀመረበት ቀን ላይ 9 ወር ከ10 ቀን ደምሩ። መሀል ላይ ጳጉሜን ካለች ግን የሚደመረው 9 ወር ከ5 ቀን ነው፤ ጳጉሜን 6 በምትሆንበት ዓመት 9 ወር ከ4 ቀን። «ለመስቀል ነው ያየሁት» ያለች እናት መስከረም 17 ነው፤ ሰኔ 27 ትጠበቃለች። «ለጥምቀት» ያለችው ጥር 11 ነው፤ ጳጉሜንን ስለምትሻገር ጥቅምት 16 ይሆናል። «ለፋሲካ» ካለች የዚያን ዓመት ቀን መቁጠሪያ ማየት ግድ ነው።

ምጥ ላይ ያለች እናት ስትሰጣችሁ ደግሞ አጠገቧ ቁሙ። የጽንሱን ልብ ምት በየ30 ደቂቃው፣ ቁርጠቱ እንዳለፈ ወዲያው፣ ሙሉ 1 ደቂቃ ቁጠሩ። ከ110 በታች ወይም ከ160 በላይ ከሆነ እሮጣችሁ ተናገሩ። ፓርቶግራፉን (የምጡን ሂደት የምንመዘግብበትን ወረቀት) ከወለደች በኋላ ሰብስቦ መሙላት የሚባል ነገር አለ። እባካችሁ እሱን አትልመዱ። ያ ወረቀት ለማስጠንቀቅ ነው የተሠራው፤ ካለፈ በኋላ የሞላው ሰው ማንንም አላስጠነቀቀም።

6. ከየት መጡ? ምን ይሠራሉ?

አድራሻ ቻርት ለመሙላት ብቻ አይደለም። ጎጃም ከጮቄ ብርድ እስከ ዓባይ በረሃ ሙቀት ነው። ትኩሳት ይዞት የመጣን ሰው «ደጋ ነው ቆላ?» በሉት። ደገኛ ቢሆንም «በቅርቡ ለሥራ ወዴት ወርደው ነበር?» ብላችሁ ጨምሩ። መተማና ሁመራ ሰሊጥ አጨዳ ወርዶ የተመለሰ ወጣት ትኩሳቱ ከሁለት ሳምንት ካለፈ፣ ከስቶ ጣፊያው ካበጠ፣ ከወባ ሌላ ካላዛርንም (በአሸዋ ዝንብ የሚተላለፈውን የቆላ በሽታ) አስቡ።

እግር ተመልከቱ። በዚህ አገር ቀይ አፈር ላይ በባዶ እግር ዘመኑን ሁሉ ያረሰ ሰው አለ። ዝሆኔ የምንለው፣ በሕክምናው ፖዶኮኒዮሲስ የሚባለው፣ ምሥራቅና ምዕራብ ጎጃም ብዙ ሰው ይዟል። ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ የተገኘው አፈር ደቃቅ ቅንጣት በቆዳ ገብቶ ነው የሚያመጣው። እብጠቱ ከእግር ጣት ጀምሮ ወደ ላይ ይወጣል፤ ብዙውን ጊዜ ሁለቱም እግር ላይ ነው፤ ከጉልበት እምብዛም አያልፍም። በትንኝ የሚተላለፈው ዓይነት ግን ቆላ ላይ ነው የሚገኘው፤ ብሽሽትም ሊይዝ ይችላል። ዝሆኔ ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። ሰዎቹ ግን ከማኅበር፣ ከሠርግ፣ ከጋብቻ የተገለሉ ናቸው። እግራቸውን በእጃችሁ ያዙ፤ መጀመሪያ ከሐኪም የሚፈልጉት ይህን ነው። ከዚያ በየቀኑ በሳሙና መታጠብ፣ ማድረቅ፣ ቅባት መቀባት፣ ጫማ ማድረግ እንደሚያሻሽለው አሳዩአቸው። እኔ ዋርድ ውስጥ ሠርቼ ከተደሰትኩባቸው ነገሮች አንዱ የአንዲት እናት እግር አጥቤ ማሳየቴ ነው።

የቆሎ ተማሪም ይመጣል። ጎጃም የቅኔ አገር ነው፤ ዋሸራ፣ ጎንጅ፣ ዲማ ጊዮርጊስ። ልጆቹ በጠባብ ጎጆ ተጠጋግተው ያድራሉ። ትኩሳት፣ ራስ ምታትና ቅማል ካለ የሚያገረሽ ትኩሳትን አስቡ፤ የደም ፊልም (ደሙ በማይክሮስኮፕ) ይታይ። መድኃኒቱ ከተሰጠ በኋላ ባሉት ጥቂት ሰዓታት ትኩሳቱ ሊያሻቅብ፣ ግፊቱ ሊወርድ ይችላል። ወጋን ብላችሁ አትሂዱ። አጠገቡ ቁጭ ብላችሁ ለኩ። ደግሞ እናቱ ሩቅ ናት። ቁራሽ እንጀራ ማን እንደሚያመጣለትም ጠይቁ።

ሲጋራ አጭሳ የማታውቅ እናት ትንፋሽ ካጠራት ምድጃዋን ጠይቁ። መስኮት የሌለው ማድ ቤት ውስጥ ስንት ዓመት ጋገረች?

7. ስትመረምሩ

እጃችሁን ታጠቡ፤ አሙቁም። መጋረጃ ሳትስቡ ልብስ አታስገልጡ። ወንድ ከሆናችሁ ሴት በሽተኛን ብቻችሁን አትመርምሩ፤ ሲስተር ወይም የክፍል ጓደኛ አብራችሁ ትቁም። ስድስት ሆናችሁ አንድ ሆድ ላይ አትረባረቡ። ሁለታችሁ ከመረመራችሁ አራታችሁ ሌላ ጊዜ ተመለሱ።

ሕፃን ላይ ከማልቀሱ በፊት ትንፋሹን ቁጠሩ፤ እናቱ እቅፍ ውስጥ ሆኖ፣ ሙሉ 60 ሰከንድ። ከ2 ወር በታች 60 እና ከዚያ በላይ፣ ከ2 እስከ 12 ወር 50 እና ከዚያ በላይ፣ ከ1 እስከ 5 ዓመት 40 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ፈጣን ነው። ግማሽ ደቂቃ ቆጥሮ በሁለት ማባዛት ያሳስታል፤ የሕፃን ትንፋሽ ወጥ አይደለም።

8. ራውንድ ላይ

በአጭሩ አቅርቡ። ስም፣ ዕድሜ፣ ከየት እንደመጡ፣ ዋናው ሕመም በራሳቸው ቃል፣ ከዚያ ታሪኩ። ያላያችሁትን አየሁ፣ ያላዳመጣችሁትን ሰማሁ አትበሉ። «አልመረመርኩትም» ያለ ተማሪን ለአንድ ደቂቃ ይቆጡታል። «ኖርማል ነው» ብሎ የዋሸ ግን ሰው ሊያስገድል ይችላል። ማታ ስትገቡ ደግሞ ስለዚያው በሽተኛ ብቻ አንብቡ። ፊቱን እያሰባችሁ ያነበባችሁትን ኳሊፊኬሽን (የማጠቃለያው ፈተና) ላይም አትረሱትም።

9. መርፌ ከወጋችሁ

ወጋኝ። ሌሊት ነበር፤ መርፌውን ልከድን ስል ነው። ሲኒየሩ እንዳይቆጣኝ ፈርቼ ለማንም ሳልናገር አደርኩ። ያንን ሌሊት ለጠላቴም አልመኝም። በነጋታው ማታ አንድ ጓደኛዬ ፊቴን አይቶ አስገድዶ ወሰደኝ። መድኃኒቱን ጀመርኩ። በኋላ የበሽተኛዋ ምርመራ ነጻ መሆኑ ሲታወቅ አቆምኩት።

ቅደም ተከተሉ ይህ ነው። ቦታውን ወዲያው በውሃና በሳሙና እጠቡ። አትጭመቁት፤ በረኪናም አታፍሱበት። በዚያው ሰዓት ለተረኛው ተናገሩ፤ ይመዝገብ። የእናንተም የበሽተኛውም ደም ይመርመር፤ ለኤችአይቪም ለጉበት ቫይረስም። የኤችአይቪ መከላከያው በሰዓታት ውስጥ ቢጀመር ይመረጣል፤ ከ72 ሰዓት በኋላ አይሰጥም። ከተጀመረ 28 ቀን ነው። ያገለገለ መርፌ ደግሞ አይከደንም። ሴፍቲ ቦክሱን አጠገባችሁ አምጥታችሁ ነው መርፌ የሚወጣው።

10. ሰው ሲሞት

ይሞታል። የመጀመሪያው ከባድ ነው። መርዶ በአገራችን ኮሪደር ላይ አይነገርም። ከቤተሰቡ ትልቁን፣ ረጋ ያለውን ሰው ለይታችሁ ለሐኪሙ ንገሩ። ቁጭ የሚባልበት ቦታ ይፈለግ። የሚነግረው ሐኪሙ ነው፤ እናንተ ግን አጠገብ ቁሙ። «እግዜር ያጽናችሁ» በቂ ነው። ሲያለቅሱ አታስቁሙ። አስከሬኑን አስተካክሎ መሸፈኑን ለጽዳት ብቻ አትተዉት፤ ትናንት ያዋራችሁት ሰው ነው። ሂዱና ከጓደኛ ጋር ሻይ ጠጡ፤ አልቅሱም። ብቻችሁን ዶርም አትግቡ።

11. ሲወጡ

የመረጣችሁት በሽተኛ የሚወጣበትን ቀን አትቅሩ። መድኃኒቱን አንድ በአንድ በእጃችሁ ይዛችሁ አስረዱ። «በየ12 ሰዓቱ» አትበሉ። «ጠዋት 1 ሰዓት፣ ማታ 1 ሰዓት» በሉ። ሰዓት ከሌላቸው ከዕለት ሥራቸው ጋር አያይዙት። ከብት ሲወጣ፣ ከብት ሲገባ።

ስኳር ላለበት ሰው ጾሙን ከወዲሁ አንሱለት። ዐቢይ ጾም ላይ እስከ ከሰዓት የሚቆይ ሰው ጠዋት ኢንሱሊን ተወግቶ ካልበላ ስኳሩ ወርዶ ሊወድቅ ይችላል። «ጾም ይተዉ» ብላችሁ ጀምራችሁ አታስደንግጡ። የንስሐ አባታቸውን እንዲያማክሩ ንገሯቸው፤ ቤተ ክርስቲያን ለበሽተኛ ትፈቅዳለች። ፍሪጅ ለሌለው ደግሞ ኢንሱሊኑን ውሃ እንዳያስገባ በላስቲክ ጠቅልሎ፣ ቀዝቃዛ ጥላ ቦታ በተቀመጠ እርጥብ የሸክላ ዕቃ ውስጥ እንዲያኖር አሳዩት።

ከዚያ ጠይቁ። «እስኪ አሁን ቤት ገብተው እንዴት እንደሚወስዱት ለእኔ ይንገሩኝ።» ከተሳሳቱ ያስረዳችሁት እናንተ ናችሁና እንደገና ጀምሩ። እኔ አንድ እናት ጋ አራት ጊዜ ጀምሬያለሁ። በአራተኛው ኪኒኑን ከእጄ ወስደው፣ «ይኸኛው ከብት ሲወጣ፣ ይኸኛው ሲገባ» ብለው መቀነታቸው ላይ በሁለት ቋጠሮ ለይተው አሰሩት።